በካርታው ጥግ የተጻፈው ሰዓት

ሞጆን ሁሉም የሚያውቃት በመንገዷ ነው። ከአዲስ አበባ የወረደ መኪና ወደ አዳማና ጅቡቲ ይቀጥል ወይስ ወደ ሐዋሳ ይታጠፍ የሚለው የሚቆረጠው እዚያ ነው፤ ከጅቡቲ የመጣ ኮንቴይነርም በደረቅ ወደቧ ይራገፋል። ከከተማዋ በላይ ያለውን መንገድ ግን ልብ የሚለው ጥቂት ሰው ነው። በስተሰሜን ምዕራብ ቢሾፍቱ የአየር ኃይሉ መቀመጫ ከሆነች ሰባ ዓመት አልፏታል። አሁን ደግሞ እዚያው ቢሾፍቱ አጠገብ አዲስ ዓለም አቀፍ ኤርፖርት እየተሠራ ነው። ነገ በሞጆ ሰማይ የሚያልፈው አውሮፕላን ብዛት ዛሬ ከምናየው ጋር አይወዳደርም።

ከእነዚህ አውሮፕላኖች አንዱም ያለ አየር ሁኔታ ትንበያ ቻርት አይነሳም። በቻርቱ ላይ ነፋስ፣ ነጎድጓድ ያዘለ ደመና፣ አየር የሚናወጥበት ቦታ ይሣላል፤ በጥጉ ላይ ደግሞ ቀንና ሰዓት ይጻፋል። ብዙ ሰው፣ ጀማሪ የበረራ ተማሪም ጭምር፣ ያንን ሰዓት የሚያነበው ቻርቱ «እስከዚህ ድረስ ያገለግላል» እንደሚል አድርጎ ነው። ቻርቱ ግን እንደዚያ አይልም። ገና ያልደረሰ የአንድ ቅጽበት ፎቶግራፍ ነው፤ ሰዓቱም ያ ቅጽበት መቼ እንደሆነ ይናገራል። ይህ አሠራር በአንድ ቀን አልተፈጠረም። መቶ ዓመት ሊሞላው የተቃረበው የኢትዮጵያ አቪዬሽን ታሪክም በመንገዱ ላይ አለበት።

ነሐሴ 1921፦ ትንበያ ያልነበረው በረራ

ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ ፖቴዝ 25 የተባለችውን ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ከጅቡቲ አንስቶ አዲስ አበባ አሳረፈ። በኢትዮጵያ ዋና ከተማ አውሮፕላን ሲያርፍ የመጀመሪያው ነበር። ታሪክ ጸሐፊዎቻችን ስለ አቀባበሉ ብዙ ብለዋል፤ እኔን የሚገርመኝ ወሩ ነው። ነሐሴ! ደጋው በጉም የሚሸፈንበት፣ ከሰዓት በኋላ ዝናብ የማይቀርበት ወር። የጅቡቲ ሐሩርና የሸዋ ደጋ ደመና በአንድ ቀን መንገድ ላይ የሚገናኙ ሁለት የተለያዩ ሰማዮች ናቸው፤ አብራሪው ደግሞ በመካከላቸው ያለውን ከዓይኑ በቀር የሚነግረው አልነበረም።

ዓለም እንኳ ያን ጊዜ ከዚህ ብዙ አልራቀም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1919 በፓሪስ የተፈረመው የአየር ጉዞ ስምምነት ስለ ሚቲዎሮሎጂ መረጃ አሰባሰብና ስርጭት ራሱን የቻለ አባሪ ነበረው። አውሮፓ ውስጥ አብራሪዎች ከመነሳታቸው በፊት የነፋስና የደመና ወሬ ያገኙ ነበር። ወሬው ግን የሚመጣው በቴሌግራፍ ነው፤ ሲደርስም የሚናገረው ስላለፉት ሰዓታት ነው። ትንበያው «ዛሬ ከሰዓት» ወይም «እስከ ነገ ጠዋት» የሚል ሰፊ ቃል እንጂ ለአንድ ሰዓት የተቆረጠ አልነበረም። መቆረጥም አያስፈልገውም ነበር። አውሮፕላኖቹ በአንድ ጊዜ ብዙ ሰዓት አይበሩም፤ መንገድ ላይ ሰማይ ሲጠቁር አብራሪው ሜዳ ፈልጎ ይወርዳል።

ቀጥሎ የመጣው የጣሊያን ወረራ ለጦር አውሮፕላኖቹ የምልከታ ጣቢያዎችን ይዞ ገባ። በ1933 ጣሊያን ሲባረር አብዛኛው ተቋረጠ። ከዚያ የተረፈን የተቆራረጠ መዝገብ ነው።

1938፦ አየር መንገዱና ሕጉ

ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ተመሠረተ። መጋቢት 30 በዚያው ዓመት የመጀመሪያው የሕዝብ በረራ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ሄደ። አውሮፕላኖቹ ከጦርነቱ የተረፉ ሲ-47 ነበሩ፤ ሥራውን በማቋቋም የረዳው ደግሞ የአሜሪካው ቲ.ደብሊው.ኤ. ነው። በዚያው ሰሞን ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ቢሾፍቱ ላይ የአየር ኃይሉን ማሠልጠኛ ማደራጀት ያዘ። በሞጆ ሰማይ ላይ አውሮፕላን መደበኛ እንግዳ የሆነው ከዚህ ወዲህ ነው።

በሲ-47 የመንገደኞች ክፍል የአየሩ ግፊት አይጠበቅም። ስለዚህ ከደመናው በላይ ወጥቶ መገላገል የለም፤ የሚበረው ደመናው ውስጥ ወይም ከሥሩ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ጫፍ ባላቸው ተራሮች መካከል ነው። ለእንዲህ ያለ አብራሪ ዋናው ጥያቄ «የምሄድበት ሜዳ ስደርስ ክፍት ነው ወይ?» የሚለው ነበር።

ለጥያቄው ዓለም አቀፍ መልክ የሰጠው የቺካጎ ስምምነት ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1944 ተፈረመ፤ ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት። ከስምምነቱ የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ ኢካኦ ተወለደ፤ ኢካኦ ደግሞ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 16 ቀን 1948 ስለ ሚቲዎሮሎጂ አገልግሎት የሚደነግገውን አባሪ 3 አጸደቀ። ትንበያ በአንድ አገር ጽሕፈት ቤት ልማድ መወሰኑ ቀርቶ ካይሮ የተጻፈው አዲስ አበባ ላይ በአንድ ትርጉም የሚነበብ እንዲሆን መንገድ የተከፈተው እዚህ ላይ ነው። መቼ እንደወጣ፣ ከመቼ እስከ መቼ ወይም ለየትኛው ሰዓት እንደሆነ ሳይጻፍበት የትኛውም ትንበያ ትንበያ አይባልም ማለት ነው።

ኢትዮጵያ የራሷን የሚቲዎሮሎጂ ክፍል ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። ክፍሉ ትንሽ ነበር፤ የተቋቋመውም በሲቪል አቪዬሽን መሥሪያ ቤት ሥር ነው። ይህን ልብ ይሏል። የአገራችን የአየር ትንበያ ሥራ የተጀመረው ከዝናብ ጠባቂው ገበሬ ይልቅ ለአብራሪው ተብሎ ነው፤ ገበሬው ወረፋው የደረሰው በኋላ ነው።

ከ1949 እስከ 1955፦ ዓለም በአንድ ሰዓት ሲመለከት

የቻርቱ ሰዓት ለምን 00፣ 06፣ 12 እና 18 ሆነ? ዓለም አንድ ላይ ወደ ሰማይ ቀና የሚለው በእነዚህ ሰዓታት ስለሆነ ነው። ከግሪንዊች በሚቆጠረው የጋራ ሰዓት፣ አብራሪዎች «ዙሉ» በሚሉት፣ በየጣቢያው ያለው ተመልካች ግፊቱን፣ ነፋሱንና ደመናውን በእኩል ቅጽበት ይመዘግባል። ከፍታ ላይ ያለውን አየር የሚለኩት ባሉኖች ቀድሞ የሚለቀቁት በ03 እና በ15 ሰዓት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 (በእኛ 1949)፣ የዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሲጀመር፣ ወደ 00 እና 12 ተዛወሩ። ትንበያ ከምልከታ ስለሚነሳ የቻርቱም ሰዓት አብሮ ረጋ።

እዚህ ላይ የእኛ ሰዓት አቆጣጠር ያመጣውን ነገር ሳላነሳ አላልፍም። ኢትዮጵያ ከዙሉ በሦስት ሰዓት ትቀድማለች፤ እኛ ደግሞ ቀኑን ከንጋት ስለምንጀምር በእጃችን ያለው ሰዓት ከአውሮፓው አጻጻፍ ስድስት ይቀንሳል። ስድስት ቀንሰን ሦስት ስንጨምር፣ የሞጆ ሰው የሚያነበው ሰዓት ከዙሉ በሦስት ያነሰ ይሆናል። ቻርቱ 12 ሲል ትኬቱ 15፡00 ይላል፣ ሞጆ ላይ ከሰዓት 9 ሰዓት ነው። 06 የጠዋቱ 3፣ 18 የማታው 3፣ 00 የሌሊቱ 9 ነው። የኢትዮጵያ የአየር ትንበያ ባለሙያ በሦስት ዓይነት ሰዓት አቆጣጠር መካከል ሲኖር፣ ዙሉ ልክ መሐሉ ላይ ይውልለታል።

እነዚህ ሰዓታት ለስምጥ ሸለቆው እኩል ሚዛን የላቸውም። በክረምትም በበልግም በ3 ሰዓት ጠዋት የሞጆ ሰማይ ብዙውን ጊዜ ጸጥ ያለ ነው። ፀሐይ ሸለቆውን ካሞቀችው በኋላ አየሩ በዳገቶቹ እየታከከ ይወጣል፣ ይከመራል፣ በ9 ሰዓት ነጎድጓድ ይሆናል። ስለዚህ የ06 ቻርት ያረፈውን ሰማይ፣ የ12 ቻርት የተቆጣውን ሰማይ ይሥላል። በመካከሉ ያለው በረራስ? ልማዱ ለበረራው ሰዓት የሚቀርበውን ቻርት መያዝ ነው፤ አንዱ ቻርት በወዲያና በወዲህ ለሦስት ሦስት ሰዓት ይሠራል ተብሎ ይታሰባል። በቀኑ 6 ሰዓት ሞጆ ላይ የሚያልፍ አብራሪ ግን ልክ ድንበሩ ላይ ነው። አንደኛው ሰላም ነው ይለዋል፣ ሌላኛው ተጠንቀቅ። ሁለቱንም ዘርግቶ በመካከላቸው ምን እንደሚሆን ማሰብ የእሱ ፋንታ ነው። አንዱን ብቻ ይዞ የሚነሳ ቻርት አነበበ አይባልም።

በ1955 ዓ.ም. ቦይንግ 720 ጄቶች መጡ። የልደታ ሜዳ ስለማይችላቸው ቦሌ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ተሠራ። ጄት የሚበረው ከአብዛኛው ደመና በላይ ነው፤ ስለዚህ የአብራሪው ጥያቄ ተለወጠ። «ሜዳው ክፍት ነው ወይ?» በሚለው ላይ «አሥር ሺህ ሜትር ላይ ነፋሱ ከየት ይነፍሳል? ስንት ነዳጅ ልያዝ?» የሚል ተጨመረ። የመጀመሪያውን ጥያቄ የሚመልሰው ለአንድ ኤርፖርት የሚጻፈው ትንበያ፣ ታፍ ነው፤ ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት ይላል። ሁለተኛውን የሚመልሰው ለአንድ ቅጽበት የሚሣለው ቻርት ነው። ዛሬ ተማሪን የሚያደናግረው ልዩነት የተተከለው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ሁለቱ ወረቀቶች በአንድ ፎልደር ይታሰራሉ፣ ሁለቱም ሰዓት ተጽፎባቸዋል፣ ሰዓቶቹ ግን የሚናገሩት ሌላ ሌላ ነው።

ከ1973 ወዲህ፦ ብዙ እጆች፣ ሁለት ከተሞች

ታኅሣሥ 22 ቀን 1973 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 201 የብሔራዊ ሚቲዎሮሎጂ አገልግሎት ኤጀንሲ ተቋቋመ። ከሲቪል አቪዬሽን ጥላ ወጥቶ ራሱን ቻለ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የምንለው ነው።

ያን ጊዜ ቻርት በእጅ ይሣል ነበር። ምልከታው በቴሌፕሪንተር ይመጣል፣ ቁጥሮቹ በካርታ ላይ አንድ በአንድ ይሰፍራሉ፣ ባለሙያው በእርሳስ መስመር ይስባል፤ ከሌላ ማዕከል በሬዲዮ ፋክስ የሚመጣው ምስል ደግሞ አንዳንዴ በጩኸት ተበላሽቶ ይወጣል። ይህ ሁሉ ሰዓታት ይበላል። ቻርቱ ተጠናቅቆ አብራሪው እጅ ሲገባ የተነሣበት ምልከታ አርጅቷል፤ ወደፊት የሚያየውም ጥቂት ነው። በዚህ ላይ ረጅም መንገድ የሚሄድ አብራሪ ከአንዱ ማዕከል ቻርት ወደ ሌላው ሲሻገር፣ ድንበሩ ላይ የነፋሱ መስመር የማይገጥምበት ጊዜ ነበር። ሁለት ሰዎች አንድን ሰማይ ለየብቻ ቢሥሉት ሌላ ምን ይጠበቃል?

መፍትሔው የመጣው ከኮምፒውተር ነው። መላውን ዓለም በአንድ ጊዜ የሚያሰላ ሞዴል ሲገኝ እያንዳንዱ አገር የየራሱን የከፍታ ቻርት የሚሥልበት ምክንያት ጠፋ። ከእ.ኤ.አ. 1973 የነዳጅ ቀውስ ወዲህ አየር መንገዶች የነፋስ ትንበያን በገንዘብ መመዘን ጀምረው ስለነበር ግፊቱም አልጎደለም። ኢካኦ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የዓለም አካባቢ ትንበያ ሥርዓትን ዘረጋ፤ ሁለት የዓለም ማዕከሎች፣ ለንደንና ዋሽንግተን፣ ከሥራቸውም የክልል ማዕከሎች ነበሩት፤ ካይሮ፣ ናይሮቢና ዳካር ከእነዚህ ነበሩ። በኋላ ሳተላይት ቻርቱን ከለንደን በቀጥታ ወደ አፍሪካ ማስተላለፍ ሲችል የክልሎቹ ሥራ ቀስ በቀስ ወደ ሁለቱ ተጠቃለለ።

የሰዓቱ ትርጉም ፍጹም የጠራው ያኔ ነው። ሞዴሉ በ00 ምልከታ ይነሣል፣ ከዚያ የነፋሱንና የሙቀቱን ሁኔታ ከ6 ሰዓት ጀምሮ በየሦስት ሰዓቱ እስከ 36 ሰዓት ይሰጥ ነበር። አደገኛ ሁኔታዎችን የሚያሳየው ቻርት ደግሞ ለረጅም ጊዜ ከ24 ሰዓት በፊት እየተዘጋጀ ለ00፣ ለ06፣ ለ12 እና ለ18 ይወጣ ነበር። በጥጉ ላይ ሁለት ነገር ይነበባል፤ የተነሣበትና የሚደርስበት። አንዱን በሌላው ቦታ ያነበበ ሰው የነገን ነጎድጓድ ዛሬ ይፈልጋል።

እኔ ግን በዚህ ለውጥ ሙሉ በሙሉ ደስተኛ አይደለሁም። የለንደንና የዋሽንግተኑ የከፍታ ቻርት ለረጅም ጊዜ ይጀምር የነበረው በበረራ ደረጃ 250፣ ማለትም ከ7,600 ሜትር ግድም ነው። በስምጥ ሸለቆው ተበታትኖ የሚነሣ ነጠላ ነጎድጓድ እዚያ ላይ አይሣልም፤ የሚሣለው ሰፋ ያለው፣ የተደጋገመው ወይም በሌላ ደመና ውስጥ የተሸሸገው ነው። ከዚያ በታች ያለው አየር የአገር ቤቱ ባለሙያ ሥራ ሆኖ ቀረ፤ ለሞጆ ሰማይ ደግሞ ወሳኙ እሱ ነው።

ጥቅምት 2001፦ ስድስት ሰዓት ሲጨመር

የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1998 ወደ ዋሽንግተን መብረር ጀመረ። ከቦሌ ሲነሳ በከፍታው ምክንያት ሙሉ ነዳጅ ይዞ መውጣት ስለሚከብድ መንገድ ላይ ያርፋል፤ ሲመለስ ግን ዛሬ በአንድ ትንፋሽ ይመጣል። እንዲህ ያለ ረጅም በረራ፣ የማንም አየር መንገድ ይሁን፣ የድሮውን ታፍ አስጨነቀው።

ያኔ ረጅሙ ታፍ 24 ሰዓት ነበር፣ በየስድስት ሰዓቱ ይታደሳል። አዲሱ ሊወጣ ሲቃረብ በእጅ ያለው የቀረው ዕድሜ ወደ 18 ሰዓት ይወርዳል። የበረራው ዕቅድ ከመነሻው ሰዓታት ቀደም ብሎ ይሠራል፣ በረራው ራሱ ከ13 ሰዓት በላይ ይፈጃል፣ ለመዘግየትና ለተለዋጭ ኤርፖርት መጠባበቂያ ያስፈልጋል። ሲደመር ታፉ አውሮፕላኑ ከማረፉ በፊት ሊያልቅ ይችላል።

ጥቅምት 26 ቀን 2001 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኅዳር 5 ቀን 2008) የአባሪ 3 ማሻሻያ ሥራ ላይ ዋለ፤ ታፍ እስከ 30 ሰዓት እንዲረዝም ተፈቀደ። ከዚሁ ጋር አጻጻፉም ተለወጠ። ቀድሞ የማብቂያው ቀን አይጻፍም ነበር፤ ከ24 ሰዓት የማያልፍ ነገር አያሻማምና። 30 ሲሆን ግን «06 ሰዓት» የዛሬው ይሁን የነገው አይለይም። ስለዚህ 1206/1312 ተብሎ መጻፍ ጀመረ፤ በወሩ በ12ኛው ቀን ከ06 ሰዓት እስከ 13ኛው ቀን 12 ሰዓት ማለት ነው። አጭሩ ታፍ ለ9 ሰዓት ሲሆን በየሦስት ሰዓቱ ይታደሳል። ታፍ ረዘመ ማለት ግን ተማመኑበት ማለት አይደለም፤ አዲሱ ሲወጣ አሮጌው ገና 24 ሰዓት ቀርቶት እንኳ ይሻራል። በኪስ ያስቀመጡትን ታፍ «ጊዜው አላለፈም» ብሎ መጠቀም ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው።

ሰኔ 2003 እና ኅዳር 2018፦ አመዱ

ሰኔ 2003 ዓ.ም. የኤርትራው እሳተ ገሞራ ናብሮ ፈነዳ። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሂላሪ ክሊንተን ያን ሰሞን አዲስ አበባ ነበሩ፤ በአመዱ ምክንያት ሰኔ 6 ጉብኝታቸውን አሳጥረው ወጡ። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ በአፋር የሚገኘው ሃይሊ ጉቢ ለሺህ ዓመታት ከተኛበት ነቅቶ አመዱን እስከ 14 ኪሎ ሜትር ግድም ከፍታ ወረወረው። ነፋሱ ወደ የመንና ኦማን፣ ከዚያም ወደ ፓኪስታንና ሕንድ ወሰደው፤ የሕንድ አየር መንገዶች በረራ ሰረዙ።

አመድ የትንበያ ሰዓትን ጉዳይ እርቃኑን ያወጣዋል። ከሞተር ውስጥ ገብቶ ስለሚቀልጥ «ትንሽ ይኖር ይሆናል» ተብሎ አይታለፍም። የአፍሪካን ሰማይ የሚከታተለው በፈረንሳይ ቱሉዝ ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ አማካሪ ማዕከል አመዱ አሁን ያለበትን፣ ከዚያም ከ6፣ ከ12 እና ከ18 ሰዓት በኋላ የሚደርስበትን በየተራ ይሥላል፤ ቢያንስ በየስድስት ሰዓቱም ያድሰዋል። በእነዚህ መሐል አመዱ መጓዙን አያቆምም። አንዱ ምስል ላይ ቀይ ባሕርን እየተሻገረ ያለ አመድ በሚቀጥለው የመን ላይ ነው፤ በመካከሉ የሚያልፍ አውሮፕላን የትኛውም ምስል በትክክል አይገልጸውም። ለዚያ ክፍተት ያለው ማስጠንቀቂያ ሲግሜት ነው። ዕድሜው ለነጎድጓድና ለመሳሰሉት ከ4 ሰዓት፣ ለእሳተ ገሞራ አመድ ከ6 ሰዓት አይበልጥም። ዕድሜውን ያሳጠሩት ሆን ብለው ነው፤ ቶሎ ታድሶ ካልወጣ ራሱ አደጋ ስለሚሆን።

ከጥር 2018 ወዲህ፦ ቢሾፍቱ

ጥር 2018 ዓ.ም. የቢሾፍቱ ኤርፖርት ግንባታ በይፋ ተጀመረ። በመጀመሪያው ምዕራፍ በዓመት 60 ሚሊዮን፣ ሲጠናቀቅ 110 ሚሊዮን መንገደኛ ያስተናግዳል ተብሎ ታቅዷል። ቦታው ከቦሌ በ400 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፤ አውሮፕላን የበለጠ ነዳጅ ጭኖ መነሳት ይችላል ማለት ነው። በረራው ሲረዝም ደግሞ የሚያስፈልገው ትንበያ አብሮ ይረዝማል።

ቻርቱም ቆሞ አልጠበቀም። ለንደንና ዋሽንግተን አደገኛ ሁኔታዎችን የሚያሳየውን ትንበያ ከ6 እስከ 48 ሰዓት በየሦስት ሰዓቱ ወደ መስጠት ተሸጋግረዋል። በ06 እና በ12 መካከል ተጥሎ የነበረው የቀኑ 6 ሰዓት፣ የስምጥ ሸለቆው ደመና መከመር የሚጀምርበት ሰዓት፣ የራሱን ምስል አገኘ።

ለመሬት የቀረበው አየር ግን አሁንም የአገር ቤት ሥራ ነው። ቦሌ ላይ የተጻፈ ታፍ ለቦሌ ሜዳና ለዙሪያው ብቻ ነው፤ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ዝቅ ባለ ሜዳ ላይ ለተቀመጠው ቢሾፍቱ አያገለግልም። አዲሱ ኤርፖርት የራሱን ምልከታ፣ የራሱን ታፍ ይፈልጋል። የታፉን ርዝመት፣ 9 ይሁን 24 ወይስ 30 ሰዓት፣ የሚወስነው በአካባቢው አገሮች መካከል የሚደረገው የአየር ጉዞ ስምምነት ነው፤ የነሐሴ ጠዋት ጉም እዚያ በስንት ሰዓት እንደሚገለጥ ማወቅ ደግሞ ሜዳው ላይ ለዓመታት ቆሞ የሚመዘግብ ተመልካች ይጠይቃል።